ምሥጢር መጠበቅ ሐሰት ነውን?

በዚህ ዘመን ልጆችን ለሚያሳድግ ወላጅ፥ ቀድሞ ያልነበረ አንድ ጥያቄ ቀርቦለታል። ጥያቄው በስልክ ላይ ስለሚገኝ አንድ ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ነገር ግን ጠጋ ብለው ሲመረምሩት ሥሩ ጥልቅ ነው። ይኸውም፥ ልጆቻችን በፌስቡክ፥ በቴሌግራም፥ በኢንስታግራምና በቲክቶክ ላይ ‹ማን ይየኝ? ማን አይየኝ?› ብለው የሚወስኑበትን፥ እነርሱ ‹ሴቲንግ› ወይም ‹ፕራይቬሲ› የሚሉትን መክፈቻና መዝጊያ እንዴት እናስተምራቸው? የሚለው ነው።

በዚህ ነገር ወላጆች የሚናገሩት ቃል ሁለት ዓይነት ነው። አንዳንዱ፥ ‹ንጹሕ ልጅ የሚሰውረው ነገር ምን አለው? መሰወርን ማስተማር መዋሸትን ማስተማር ነው› ይላል። ሌላው ደግሞ፥ ‹ዓለም ተኵላ ሆናለችና ሁሉንም ዝጋ፥ ለማንም አትታይ› ብሎ ያዝዛል፤ ይኸው አባት ልጁ ገጹን ለእርሱ ለራሱ የዘጋበት ቀን፥ ‹ከእኔ ምን ትደብቃለህ?› ብሎ ይቈጣል። እንግዲህ ልጁ ምን ይማር? በአንድ ቍልፍ ባዕዱን መከልከል ጥበብ፥ በዚያው ቍልፍ አባቱን መከልከል ክፋት ከተባለ፥ የቍልፉ ትርጓሜ ያልተነገረው ልጅ የሚይዘው ትምህርት ‹ጕልበት ያለው ያያል፥ ጕልበት የሌለው ይታያል› የሚል ብቻ ይሆናል። ስለዚህ ስልኩን ከመንካታችን በፊት ምሥጢርና ሐሰት የሚለያዩበትን ማወቅ ያስፈልገናል።

ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ የለብንም፤ ሕንጻ ቤተ ክርስቲያናችንን መመልከት ይበቃል። ቤተ ክርስቲያን ስትታነጽ ሦስት ክፍል አላት፤ ቅኔ ማኅሌት፥ ቅድስትና መቅደስ ይባላሉ። ከዚያም ውጭ ዐጸዱ አለ። በዐጸዱ መንገደኛው ሁሉ ይቆማል፤ በቅኔ ማኅሌቱ መዘምራኑ ማኅሌት ይቆሙበታል፤ በቅድስት ሥጋ ወደሙን የሚቀበሉት ይቆማሉ፤ ወደ መቅደሱ ግን ከቀዳሾቹ ካህናትና ዲያቆናት በቀር የሚገባ የለም፤ በደጁም መጋረጃ ተጋርዷል። አሁን አንድ ሰው መጥቶ፥ ‹መጋረጃ ማድረጋችሁ በውስጡ የሚያሳፍር ነገር ስላላችሁ ነው› ቢለን ምን እንመልስለታለን? በውስጡ ያለው እጅግ የከበረ ስለ ሆነ ነው እንላለን እንጂ ሌላ ምን እንላለን? በዐጸዱ የቆመውም ሰው ተታለልሁ አይልም፤ እርሱ እስከ ደረሰበት ድረስ ያየው ሁሉ እውነት ነውና። ሐሰት ማለት የሌለውን አለ፥ ያለውንም የለም ማለት ነው፤ መጋረድ ግን ያለውን ነገር ለሚገባው ሰውና ለሚገባው ጊዜ ማቆየት ነው። ልጆቹ በስልካቸው ‹ለሁሉ›፥ ‹ለወዳጆች›፥ ‹ለእኔ ብቻ› እያሉ የሚመርጡት ምርጫ በዚህ ሥርዐት ቢተረጐምላቸው በቶሎ ይገባቸዋል። ዐጸድና መቅደስ እንደማይቀላቀሉ ሰንበት ትምህርት ቤት የሚውል ልጅ ሁሉ ያውቃልና።

የቅኔውም ትምህርት ይህንኑ ያስረዳል። ወርቁን በሰም የሸፈነ ተማሪ ሐሰተኛ አይባልም፤ ይልቁንም ወርቁን ሳይሸፍን እንዲሁ ያፈሰሰው ገና አልበሰለም ይባላል። በጉባኤ ቤት ያደግን ሰዎች ደግሞ ሌላ ነገር እናስታውሳለን። ተማሪው ቅኔውን ብቻውን ሆኖ ይቈጥራል፤ ከዚያም ወደ መምህሩ ቀርቦ ይነግራል፤ መምህሩም የተሰበረውን ይጠግናል፥ ያልሆነውን ይመልሳል። በማኅበር ፊት የሚባለው ከዚህ በኋላ ነው። ያን ጊዜ የቈጠርነው ሁሉ ከመምህሩ ጆሮ ወጥቶ እስከ ዛሬ በገበያ ሲነበብ ቢኖር፥ ዛሬ መምህራን ከተባልነው መካከል በሰው ፊት ለመቆም የሚደፍር ጥቂት በሆነ ነበር። የዐሥራ አራት ዓመት ልጅ አሳብም እንዲሁ ገና በቈጠራ ላይ ያለ ነው። ዛሬ የሚቈጣበትን ነገ ይስቅበታል፤ በጾሙ የማለበትን ፋሲካ ሳይደርስ ይረሳዋል። ስለዚህ የሚሳሳትበትና የሚታረምበት፥ አንድ ወይም ሁለት ሰው ብቻ የሚሰማው ስፍራ ያስፈልገዋል። ማኅበራዊ መገናኛው የወሰደበት ይህን ስፍራ ነው። በዐሥራ አራት ዓመቱ በንዴት የጻፈውን ስድብ፥ በሃያ አራት ዓመቱ ሥራ ሊቀጠር ሲሄድ ቀጣሪው አውጥቶ ሊያነብበት ይችላል። ይህን ስል ወጣቱ በጥፋቱ አይጠየቅ ማለቴ አይደለም፤ የሰደበውን ሰው ይቅርታ ሊጠይቅ ይገባዋል። ነገር ግን ንስሐ የገባበትን ነገር ሰው ሁሉ በየጊዜው እያወጣ የሚያነብበት ከሆነ፥ ወጣቱ ንስሐን ራሱን ከንቱ ድካም አድርጎ ወደ ማየት ይደርሳል።

እንግዲህ ምሥጢር ሁሉ መልካም ነው ማለት ነውን? አይደለም። ሰርቆ የሚደብቅም፥ በድሎ የሚሰወርም አለ። መለያው ምንድር ነው ቢሉ፥ እኔ እንደማየው መለያው የተሰወረው ነገር ብቻ አይደለም፤ የሰዋሪው ልብ ጭምር ነው። ክብርን የሚጠብቅ ምሥጢር ቢያንስ አንድ የሚያውቀው ሰው አለው፤ ሕመምተኛ ቍስሉን ለገበያ አያሳይም፥ ለሐኪም ግን ያሳያል። የኀጢአት ምሥጢር ግን ከሁሉ ይሸሻል፤ ይልቁንም ሊያድነው ከሚችለው ሰው አብልጦ ይሸሻል። ስለዚህ ልጁን ‹ምን ትደብቃለህ?› እያሉ ከመመርመር ይልቅ ‹ይህን የምትነግረው ሰው አለህን?› ብሎ መጠየቅ ይሻላል። ያ ሰው የግድ አባቱ መሆን የለበትም። ብዙ ጊዜም አይሆንም፤ አባቶች ይህን በትዕግሥት ሊቀበሉት ይገባል። የንስሐ አባቱ፥ የክርስትና እናቱ፥ ታላቅ እኅቱ ወይም የታመነ መምህሩ ሊሆን ይችላል። አንድም ሰው የሌለው ልጅ ግን ገጹ ቢዘጋም ቢከፈትም በአደጋ ላይ ነው።

‹እግዚአብሔር ሁሉን ያያል፤ እንግዲያስ ክርስቲያን ልጅ ከሰው ምን ይሰውራል?› የሚል ሙግት ደግሞ ሰምቻለሁ። ሙግቱ መንፈሳዊ ይመስላል፤ ነገር ግን የፈጣሪን ማየትና የሰውን ማየት አንድ ያደርጋል። እግዚአብሔር አይቶ ይታገሣል፥ አይቶ ይሸፍናል። ሰው ግን አይቶ ያወራል፥ አንዳንዱም አይቶ ይሸጣል። ጌታችን በተራራው ስብከቱ ጸሎትንና ምጽዋትን እንኳ ከሰው ዐይን ሰውረን እንድናደርግ ማዘዙን አንዘንጋ። መልካሙ ሥራ መጋረጃ ከተሰጠው፥ የልጁ ዕንባና የልጁ ፍርሃት እንዴት አይሰጠው?

የንጉሥ ሕዝቅያስን ታሪክ ለወጣቶች በዚህ ነገር ማስተማር እጅግ የሚጠቅም ሆኖ አግኝቼዋለሁ። ንጉሡ ታሞ ከዳነ በኋላ ከባቢሎን መልእክተኞች ደብዳቤና እጅ መንሻ ይዘው መጡ። እርሱም በመምጣታቸው ደስ ብሎት ግምጃ ቤቱን ከፈተ፤ ብሩንና ወርቁን፥ ሽቱውን፥ የጦር ዕቃውንም ሁሉ አሳያቸው። ከሄዱ በኋላ ነቢዩ ኢሳይያስ ወደ እርሱ ገብቶ፥ ሰዎቹ ምን እንዳሉት፥ ከየት እንደ መጡና በቤቱ ምን እንዳዩ ጠየቀው። ንጉሡም ያላሳያቸው ነገር እንደሌለ መለሰ። ነቢዩም ያ ሁሉ ወደ ባቢሎን የሚወሰድበት ዘመን እንደሚመጣ ነገረው። ልብ አድርጉ፤ ሕዝቅያስ አልሰረቀም፥ አልዋሸም፥ ያሳየውም የራሱን ነበር። ያሳሳተው ነገር፥ ሩቅ ሰው ጤንነቱን ጠይቆ እጅ መንሻ ስላመጣለት ወዳጁ ሁሉ መስሎ መታየቱ ነው። ዛሬ ለልጆቻችን እጅ መንሻው ‹ላይክ› የሚሉት ምልክትና ‹እንዴት ታምሪያለሽ› የሚል ቃል ነው። ነቢዩ የጠየቀውን ጥያቄ ደግሞ ቅደም ተከተሉን እንዳለ ወስዶ ልጅን በየጊዜው መጠየቅ ይቻላል። ምን አሉህ? ከየት መጡ? ምን አዩ? የሴቲንጉ ትምህርት ሁሉ በእነዚህ በሦስቱ ውስጥ አለ።

አሁን ወደ አሠራሩ እንምጣ። የሚከተሉትን የውጭ ዓመቶች በአውሮፓውያን አቈጣጠር እጽፋቸዋለሁ። ፌስቡክ በ2004፥ ኢንስታግራም በ2010፥ ቴሌግራም በ2013 ተጀመሩ። ለተጠቃሚው በነጻ የሚሰጡት እነዚህ ገጾች አብዛኞቹ የሚኖሩት ከማስታወቂያ በሚገኝ ገንዘብ ነው፤ ማስታወቂያም ብዙ ዐይን ይፈልጋል። ስለዚህ የኢንስታግራምና የቲክቶክ ገጽ ለብዙ ጊዜ ለልጅም ቢሆን ሲከፈት ለሁሉ ክፍት ሆኖ ይሰጥ ነበር፤ መዝጋት የፈለገ ራሱ መዝጊያውን ፈልጎ ይዝጋ የሚል ነበር አካሄዱ። ቲክቶክ ከ13 እስከ 15 ዓመት ያሉትን ልጆች ገጽ ከመነሻው ዝግ ያደረገው በ2021 መጀመሪያ ነው። ኢንስታግራምም በዚያው ዓመት አዲስ ለሚገቡት ታዳጊዎች ይህንኑ አደረገ፤ በ2024 ደግሞ ከ18 ዓመት በታች ላሉት ሁሉ የተዘጋ የወጣቶች አካውንት አውጥቶ በየአገሩ ያስፋፋው ጀመር፤ በእርሱም ከ16 ዓመት በታች የሆነ ልጅ ያለ ወላጅ ፈቃድ መዝጊያውን ማላላት አይችልም። ይህ ሁሉ ከበጎ ፈቃድ ብቻ አልመጣም። የአየርላንድ የመረጃ ጥበቃ ኮሚሽን፥ የኩባንያዎቹ የአውሮፓ መቀመጫ በዚያች አገር ስለሆነ ጉዳዩን መርምሮ፥ በሕፃናት መረጃ አያያዝ ምክንያት ኢንስታግራምን በ2022 በ405 ሚሊዮን ዩሮ፥ ቲክቶክን በ2023 በ345 ሚሊዮን ዩሮ ቀጥቷል። አውስትራሊያ ደግሞ ከ16 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ጨርሶ አካውንት እንዳይኖራቸው በ2024 ሕግ አውጥታ ከ2025 ታኅሣሥ ጀምሮ ሥራ ላይ አውላለች። እኔ ክልከላው ብቻውን ልጅን ያስተምራል ብዬ አላምንም፤ ነገር ግን መንግሥታት እስከዚህ ከደረሱ ነገሩ የወላጅ ቅዠት አለመሆኑን ያሳያል።

በዚህ ስፍራ ሐሰትና ምሥጢር ፊት ለፊት የሚገናኙበት አንድ ነገር አለ፤ እርሱም የልደት ዘመን ነው። ገጾቹ ‹ከ13 ዓመት በላይ› የሚሉት፥ በአሜሪካ በ1998 የወጣ ሕግ ከዚያ በታች ያለን ልጅ መረጃ ያለ ወላጅ ፈቃድ መሰብሰብን ስለ ገደበ ነው፤ 13 ዓመት የሞላው ልጅ በአንድ ሌሊት ጠቢብ ስለሚሆን አይደለም። ልጆቻችን ይህን በር ለማለፍ ዕድሜያቸውን ይጨምራሉ። ብዙ ጊዜም ወላጅ ራሱ፥ ወይም ስልኩን የሸጠው የሱቅ ሠራተኛ፥ የመጣለትን ዓመት ጽፎ ይከፍትለታል። የዐሥራ ሦስት ዓመቷ ልጅ ‹ሃያ ዓመቴ ነው› ብላ ከገባች ግን፥ ለልጆች የተሰቀለው መጋረጃ ለእርሷ አይጋረድም፤ እንደ ትልቅ ሰው ክፍት ሆና ትሰጣለች፤ ትልልቆቹም ሰዎች ያለ ከልካይ ይጽፉላታል። መጠበቂያ መስሎ የተነገረው ሐሰት መጠበቂያውን ራሱን ቀደደው። ስለዚህ ‹መሰወርን ማስተማር መዋሸትን ማስተማር ነው› ለሚለው አባት መልሱ እዚህ ላይ ነው፤ የመሰወር ትምህርት የሚጀምረው እውነተኛውን ዕድሜ ከመጻፍ ነው። ልጁ ጋር ስትቀመጡ መጀመሪያ የምታዩትም ይህን ይሁን።

ከዚያ በኋላ በአገራችን ወጣቱ አብዝቶ የሚይዘውን ቴሌግራምን ብንወስድ፥ የስልክ ቍጥሩን ማን ያያል? መቼ እንደ ገባና እንደ ወጣ ማን ያውቃል? ፎቶግራፉን ማን ይመለከታል? ማን ይደውልለታል? ማን ወደ ግሩፕ ያስገባዋል? የሚለው ሁሉ ለየብቻው ይመረጣል፤ ምርጫውም ለሁሉ ሰው፥ በስልኩ ለመዘገባቸው ብቻ፥ ወይም ለማንም የሚል ነው። ከእነዚህ ሁሉ ወላጆች የሚዘነጉት የመጨረሻውን ነው። ክፍት ከተተወ የማያውቀው ሰው ልጁን ሳይጠይቅ ወደ ቍማር፥ ወደ ርኵሰት ወይም ወደ ጥላቻ ግሩፕ ይከተዋል፤ ልጁም ጧት ሲነሣ በማያውቀው ጉባኤ ተቀምጦ ራሱን ያገኘዋል። በፌስቡክ ደግሞ ቀድሞ የተለጠፈውን ሁሉ በአንድ ጊዜ ለወዳጆች ብቻ ማድረጊያ አለ፤ የራስን ገጽ ባዕድ ሰው እንደሚያየው አድርጎ የሚያሳይም አለ። ይህ ሁለተኛው ለማስተማር ሳይጠቅም አይቀርም፤ ልጁ በእንግዳ ዐይን ራሱን ሲያይ ብዙ ምክር ሳያስፈልገው የሚዘጋውን ይዘጋል።

ስልኩን ነጥቆ ራሱ የሚዘጋ አባት ግን ምንም አላስተማረም። ማታውኑ ይከፈታል። የልጁ እጅ ይዝጋ፤ አባት አጠገቡ ተቀምጦ ‹ይህስ ለማን ነው?› እያለ ይጠይቅ። ከሁሉ የሚሻለው ደግሞ አባትየው አስቀድሞ የራሱን ስልክ አውጥቶ፥ ‹ልጄ፥ የእኔ ምን ምኑ ክፍት ነው? እስቲ እይልኝ› ማለቱ ነው። በአሜሪካና በአውሮፓ ያሉ ወገኖቻችን ይህን ሳይወዱ በግድ ያደርጉታል፤ ልጁ የአገሩን ቋንቋ ከእነርሱ ይልቅ ያነብባልና። እንዲህ ያለው ቤት አልተጐዳም። ልጅ አባቱን በሚያስተምርበት ሰዓት ለራሱም ይማራል፤ የአባቱን ክብር እንዲጠብቅ ታምኗልና፥ የራሱን ለመጠበቅ አያፍርም።

ነገር ግን መዝጊያው የማይዘጋው ነገር እንዳለ ለልጁ በግልጥ ሊነገረው ይገባል። መጋረጃ ውጭ ያለውን ይከለክላል እንጂ የገባውን እጅ አያስርም። ለሦስት ወዳጆች ብቻ የተላከ ፎቶግራፍ ከሦስቱ አንዱ ስክሪንሾት ካደረገው ለሦስት ሺህ ይደርሳል። ኩባንያውም ራሱ ከመጋረጃው ውስጥ ነው፤ ‹ለእኔ ብቻ› የተባለው ነገር በእርሱ መዝገብ ውስጥ ተቀምጧል። በቴሌግራም ግሩፕ የተጻፈ ነገር፥ ሁለት ሰዎች ለብቻቸው በሚከፍቱት የምሥጢር ጽሑፍ እንደሚጻፈው አይጠበቅም። ስለዚህ ከሴቲንግ በላይ የሚያስፈልገው ወዳጅን መምረጥ ነው፤ ወዳጅ የሚመረጠው ደግሞ የሌላውን ነገር እንዴት እንደሚይዝ በማየት ነው። የጓደኛዋን ፎቶግራፍ እየሳቀች ያሳየችሽ ልጅ፥ ያንቺንም ለሌላ ታሳያለች።

እንዲሁም ትምህርቱ ‹ራስህን ጠብቅ› በሚለው ብቻ እንዳይቀር እሰጋለሁ። ራሱን ዘግቶ የሌላውን የሚከፍት ልጅ ብልጥ እንጂ ጨዋ አልሆነም። ኖኅ በድንኳኑ ውስጥ ራቁቱን ሳለ ካም አይቶ ወጥቶ ለወንድሞቹ ተናገረ፤ ሴምና ያፌት ግን ልብስ በጫንቃቸው ላይ አድርገው፥ ላለማየት የኋሊት ሄደው አባታቸውን ሸፈኑት። ካም ሐሰት አልተናገረም፤ የተናገረው እውነት ነበር። ዛሬ በክፍላቸው ግሩፕ የአንዲት ተማሪ ፎቶግራፍ ሲመጣ፥ ‹እኔ አላነሣሁትም፥ የተላከልኝን ነው ያስተላለፍሁት› የሚሉ ልጆች ሁሉ የቆሙት በካም ስፍራ ነው። የኋሊት የመሄድን ጥበብ የምታስተምር ስፍራ ካለች ሰንበት ትምህርት ቤታችን ናት፤ በዚህ ረገድ ገና ብዙ አልሠራንም።

ስለ ወላጅ ሥልጣንም ጥቂት ልበል። ወላጅ ልጁን የመጠበቅ ግዴታ አለበት፤ ይህን የሚክድ የለም። የዐሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ስልክ በሳሎን ቢውልና ወላጅ ቢያየው ተገቢ ነው። የዐሥራ ሰባት ዓመት ልጅን ግን ሲተኛ ጠብቆ ደብዳቤውን መበርበር ሌላ ነገር ነው። እኔ የምለየው በአየውና ባላየው አይደለም፤ በነገረውና ባልነገረው ነው። ‹እስከዚህ ድረስ አያለሁ፥ ከዚህ በኋላ ያንተ ነው› ብሎ አስቀድሞ የነገረ አባት፥ ጠባቂ ነው። ሳይናገር የሚያይ ግን ሰላይ ይሆናል፤ ልጁም በታወቀበት ቀን ሁለተኛ አካውንት ይከፍታል፥ ያን ጊዜ ወላጅ የሚያየው ለእርሱ የተዘጋጀውን የውሸት ገጽ ብቻ ነው። ነፍስን የሚያጠፋ አደጋ ሲመጣ ይህ ሥርዐት ይላላል፤ ልጄ ራሷን ልታጠፋ ነው ብላ የፈራች እናት ፈቃድ ትጠይቅ የሚል ሰው የለም። ግን የእያንዳንዱን ቀን ጥርጣሬ እንደዚያ ቀን መቍጠር አይገባም።

በንስሐ የሰማነውን በልባችን ቀብረን የምንኖር እኛ ካህናት ይህን ከማንም በላይ ልንረዳው ይገባን ነበር። ሆኖም በአንዳንድ ጠበል ስፍራ የሚሆነውን ሳይ አዝናለሁ። የታመመች ወጣት ስትጮኽና ስትወድቅ በስልክ ተቀርፃ፥ ፊቷ ሳይሸፈን፥ በዩቲዩብና በቲክቶክ ይለጠፋል። ‹ተአምሩ እንዲመሰከር ነው› ይባላል። ልጅቱ ድና ወደ ትምህርት ቤቷ ስትመለስ ምስክርነቱን የምትሸከመው ግን እርሷ ናት። ፈቃዷን ማን ጠየቃት? በዚያ ሰዓት ብትጠየቅስ ልትመልስ ትችል ነበርን? ምጽዋት ሲሰጥም የተቀባዩን ሕፃን ፊት ከዘይቱና ከዱቄቱ ጋር አሰልፎ ማንሣት ልማድ ሆኗል። ወላጆችም የልጃቸውን ክርስትና ብቻ ሳይሆን ሕመሙን፥ የወደቀበትን ፈተና፥ ራቁቱን ሲታጠብ የተነሣውን ሁሉ ይለጥፋሉ፤ ልጁ ዐሥራ አምስት ዓመት ሲሞላው ‹ገጽህን ዝጋ› ይሉታል። ገጹን ግን ከእርሱ በፊት እነርሱ ከፍተውት ኖረዋል። የአገራችን ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 26 የግል ሕይወት እንዲከበር ደንግጓል፤ በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321ም አለ። ሕጉ ባይኖር እንኳ ፎቶግራፍ ከመለጠፍ በፊት ‹ልጄ፥ ይህን ላውጣውን?› ብሎ መጠየቅ ለልጁ ከብዙ ስብከት የሚበልጥ ትምህርት ነው፤ አይሆንም ያለ ጊዜ ከተተወለት።

የቀረው ከሁሉ የሚከብደው ነው። አንዲት ልጅ ያመነችው ሰው ምስሏን ይዞ፥ ‹ገንዘብ ካልላክሽ፥ ወይም ሌላ ምስል ካልጨመርሽ ለአባትሽ እልከዋለሁ› ሲላት የምትገባበት ጭንቅ ነው። ይህ በወንዶች ልጆችም ላይ ይደርሳል፤ እነርሱ ደግሞ በኀፍረት አብልጠው ዝም ይላሉ። በንስሐ የሚነገረኝን ለምሳሌ አላመጣም፤ በአደባባይ ከሚታወቀው ብቻ ልናገር። አስፈራሪው ኀይል የሚያገኘው ከምስሉ አይደለም፥ ልጅቱ አባቷን ከመፍራቷ ነው። ስለዚህ ወላጅ ይህ ከመድረሱ አስቀድሞ፥ በደኅናው ቀን፥ ‹ምንም ነገር ቢደርስብሽ፥ ጥፋቱ ያንቺ ቢሆን እንኳ፥ መጀመሪያ ወደ እኔ ነይ፤ የዚያን ዕለት አልቈጣሽም› ብሎ ሊነግራት ይገባል። ከነገረም ይጠብቀው። ያን ማታ ከመጣች ገንዘብ አይላክ፤ አንድ ጊዜ የከፈለን ደጋግመው ይጠይቁታልና። የተጻጻፉት ነገር ለማስረጃ ይቀመጥ እንጂ አይጥፋ፤ ከዚያ በኋላ ሰውዬው ብሎክ ይደረግ፥ ለገጹም ባለቤቶች ይመልከት። የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 እንዲህ ያለውን ማስፈራራት በወንጀል ይቀጣል፤ ስለዚህ ለፖሊስ ማመልከት ይቻላል። ከ18 ዓመት በታች ሳሉ የተነሡ እንዲህ ያሉ ምስሎች እንዳይሠራጩ የሚያግዝ ‹ቴክ ኢት ዳውን› የሚባል አገልግሎትም በ2023 በአሜሪካ ተጀምሯል፤ በጠፉና በተበደሉ ሕፃናት ጉዳይ የሚሠራ ማዕከል ነው የሚያካሂደው። ምስሉ ከልጅቱ ስልክ ሳይወጣ፥ አሻራ የሚመስል ቍጥር ብቻ ተወስዶ ለተባበሩት ኩባንያዎች ይሰጣል፤ ፌስቡክ፥ ኢንስታግራምና ቲክቶክ ከእነርሱ መካከል ናቸው፤ ሁሉም ግን አልገቡበትም። ይህን ሁሉ ልጅቱ ብቻዋን አድርጊው ቢሏት አትችልም፤ አጠገቧ ተቀምጦ ስልኩን የሚይዝላት ሰው ያስፈልጋታል። እናቷ ማንበብ ባትችል እንኳ መቀመጥ ትችላለች፤ የሚያነብላቸውን ዲያቆን ወይም መምህር ደግሞ ሲነጋ መጥራት ይቻላል፤ እርሱም ያየውን በዚያው ትቶት ይሂድ።